ብሎን የታናሽ፣ ገመድ የታላቅ

አባቴ ለዓይን ሞራው ቀዶ ጥገና ወረፋ የጠበቀው አሥራ አንድ ወር ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ቀጠሮ አምልጦታል። አንዴ ጫማው ጠፍቶ፣ ጫማው አልጋው ሥር ነበር፤ አንዴ ደግሞ ሳል ይዞት፣ ሳሉን እኔ አልሰማሁትም። ሐኪሟ፣ "ይሄኛውም ካለፈ ኃላፊነቱን አልወስድም" ብላ ቁርጡን ነግራናለች። ቀጠሯችን ስምንት ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ነዳጅ ቀድቼ ቁልፉን ባዞረው መኪናዋ ጭጭ አለች።

"ደግነቱ ጋራዡ አጠገባችን ነው" አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አብሮኝ መኪናዋን የገፋው ነዳጅ ቀጂ በመንገዳችን ላይ ሁሉንም ነገረኝ። ጋራዡ የሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ታላቅየው ኤሌክትሪሻን፣ ታናሽየው መካኒክ። በአንድ የጠፋ አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ የተነሳ ተኮራርፈው ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። አጎታቸው ሊያስታርቃቸው ሞክሮ ሲያቅተው ሥራውን አካፈላቸው። "ሽቦ የነካ ብሎን አይንካ፣ ብሎን የነካ ሽቦ አይንካ" የሚል ሕግም ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ነዳጅ ቀጂው ይህን ነግሮኝ እኛን ከበሩ አስገብቶ እግሬ አውጪኝ አለ።

ታላቅየው ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ እንዳለ፣ "ግራውንዱ ነው" አለኝ። ባትሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ጫፉ ዝጎ ኖሯል። እሱን ለመወልወል ብሎኑ መፈታት አለበት፤ ብሎን የሚፈታው ወንድሙ ደግሞ ምሳ ላይ ነው። ግራና ቀኝ አየና ቁልፍ አንስቶ ራሱ ታገለው። ቀጭ! አለ። ግማሹ ብሎን እጁ ላይ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ።

ታናሽየው ድምፁን ሰምቶ ጉንጩን እንደሞላ ደረሰ። ወንድሙን አላየውም፤ እኔን ነው ያየኝ።

"እህቴ፣ እዚያ ለቆመው ሰውዬ ንገሪልኝ፤ ብሎን ንካ ያለው ማነው?"

"እህቴ፣ ብሎኑ ድሮም የበሰበሰ ነው በይልኝ" አለ ታላቅየው።

በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ድምፃቸው ደግሞ ቁርጥ አንድ ነው።

አባቴ ከፊት ወንበር በመስኮት አንገቱን አወጣ። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው? ከራሱ ጋር እኮ ነው የሚጣላው።"

"ሁለት ናቸው አባዬ።"

"ሁለት ከሆኑ በአንቺ በኩል ምን ያዞራቸዋል?"



እውነቱን ለመናገር ታናሽየው ሙያ አለው። ስባሪው ላይ ዘይት አንጠባጠበ፣ በፒንሳ አንቆ ወዲህ ወዲያ እያለ በሩብ ሰዓት ነቅሎ አወጣው። ታላቅየውም የገመዱን ጫፍ በአሸዋ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ አሸው። አሁን ገና ተገላገልኩ አልኩ። ለካ ጣጣው ገና ነው። ገመዱ ጫፍ ላይ ቀለበት አለ፤ አዲሱ ብሎን በቀለበቱ አልፎ ሞተሩ ላይ መታሰር አለበት። ታናሽየው ብሎኑን፣ ታላቅየው ገመዱን ይዘው ቆሙ።

"ብሎኑ የሚያልፍበት ቦታ ድረስ ገመድ መያዝ የኔ ሥራ አይደለም በይው" አለ ታናሽየው።

"ብሎን በገመድ ውስጥ ማሳለፍ የኔ አይደለም በይው።"

ሰባት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። "አምጡት፣ እኔው አስረዋለሁ!" ብዬ እጄን ሰደድኩ።

"እንዳትነኪው!" አሉ እኩል። "ሙያ ነው!"

በሰባት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ደሜ ፈላ። "የእናንተ ቁልፍ ከጠፋ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የአባቴ ዓይን የሚጠፋው ግን ዛሬ ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። አፈሩ፤ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ነገር ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ብሎኑም ገመዱም በያሉበት ቆዩ።

ያን ጊዜ አባቴ ትዕግሥቱ አለቀና ከመኪናው ውስጥ አምባረቀ። "አንተ ሰው! ሁለት እጅ የለህም እንዴ? ባንዱ ያዝ፣ ባንዱ እሰር!"

ትእዛዙ ለአንድ ሰው የተሰጠ ስለሆነ ማንኛቸውም አልተሸነፉም። ታላቅየው ገመዱን ሞተሩ ላይ ለጠፈ፤ ታናሽየው ብሎኑን አስገብቶ ያጠብቅ ጀመር።

"ቀስ በል፣ እንዳትሰብረው" አለ ታላቅየው።

"ሰባሪውስ አንተ ነህ" አለ ታናሽየው።

ያለ እኔ ነው የተባባሉት። ከአስተርጓሚነቴ ተሰናበትኩ ማለት ነው፤ ስንብት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሮጬ ገብቼ ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩ ተነሳ። ኮፈኑን ዘግተው ሲያሰናብቱን ስለ ብሎኑ እየተነታረኩ ነበር።

ደስታዬን ላካፍለው ወደ አባቴ ብዞር ፊቱ አመድ መስሏል።

"በደንብ ታስሯል? ምናለ ነገ ቢያዩት..."

"አባዬ፣ ፈርተህ ነው?"

"እኔ?" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "የቀረችኝ ጭላንጭል ናት ልጄ። እሷንም ቢያጠፉብኝስ?" አለ።

"እኔም ፈርቻለሁ" አልኩት። እውነቴን ነበር፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለማንም ያልተነፈስኩት እውነት።

ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ እጁ እጄን ፈልጎ አገኘና ማርሹ ላይ ጨምድዶ ያዘው። አለቅም አለ። ሦስተኛ ማስገባት አልቻልኩም። መኪናዋ እያጓራች፣ ከኋላ ጡሩምባ እየተነፋብን፣ ብስክሌት ሳይቀር እየቀደመን ለስምንት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን።

"እጄን ልቀቀኝ አባዬ፣ ሞተሩን ላጥፋው።"

"አብረሽኝ ትገቢያለሽ?"

"እገባለሁ።"

አልለቀቀኝም። በግራ እጄ ተንጠራርቼ ቁልፉን አዞርኩት።