የእማማ ቡንሬ ቀኝ ጆሮ

ሄራን በመኪናው የፊት መስታወት ላይ የተጋገረውን በረዶ በሳህን ክዳን እየፋቀች ሳለ፣ አማቷ ከውስጥ ሆነው መስኮቱን በጣታቸው አንኳኩ።

"በዚህ አያያዝሽ ፓስተሩ ባርኮ ካሰናበተ በኋላ ነው የምንደርሰው" አሉ እየጮኹ። እማማ ቡንሬ ከጩኸት ሌላ ድምፅ የላቸውም። የግራ ጆሯቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ቀኙም እያንጎላጀ ነው።

ሄራን ክዳኑን ኋላ ወርውራ ገባችና ሞተሩን አስነሳች። ትንሿ የጭነት መኪና የሟች ባሏ ናት። ማሞቂያዋ ከተበላሸ ወራት አልፈዋል። ሁለቱም ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ ከቤታቸው ወደ ወደቡ የሚያወርደውን ቁልቁለት ተያያዙት። ገና አልነጋም። ከታች የደቡብ ኮሪያዋ ወደብ የቶንግዮንግ ጀልባዎች መብራት ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል።

"የትናንቱ ሾርባሽ ደግሞ" አሉ አማቷ። "ሾርባ ነው ወይስ ባሕር? ጨው በነጻ ሰጡሽ እንዴ?"

"ካልጣመዎት ሁለተኛ ሳህን ለምን አስጨመሩ?" አለች ሄራን ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

መሪው በግራ ነው፤ የአማቷ የሞተው ጆሮም በግራ ነው። ስለዚህ መኪና ውስጥ ሄራን ያሻትን መመለስ ትችላለች። ጸሎት ቤትም የምትቀመጠው በግራቸው ነው፤ ኦይስተር የሚሉትን የባሕር ዛጎል በሚፈለፍሉበት መጋዘንም እንደዚያው። ማንም እዚያ ተቀመጪ አላላትም። ሳንግጉ ከተቀበረ ወዲህ የምትፈልገው ዝምታ ብቻ ስለሆነ፣ ዝምታው ባለበት በኩል ተቀመጠች።

ሳንግጉ የእሷ ባል፣ የእማማ ቡንሬ ደግሞ አንድ ልጅ ነበር። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት፣ ኦይስተር የተንጠለጠለበትን ገመድ ከባሕር ሲጎትት ጀልባው ተገለበጠበት። እናቱ በቀብሩ ማግስት፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። "የንጋት ጸሎት ይረፍዳል" አሉ። ሄራን በዚያ ቀን ጠላቻቸው። ከእንግዲህ የሚለመን ምን ቀረ? ግን መንገዱ በረዶ ነበር፤ አሮጊት በጨለማ ብቻዋን አትላክም። ይኸው ዓመቱን ሙሉ ታደርሳቸዋለች።

ዛሬ ግን ሌላ ነገር በልቧ ይዛለች። ሩቅ ከተማ ኢንቾን ያለው ወንድሟ ዉጂን በአንድ ሆስፒታል ማዕድ ቤት ሥራ አግኝቶላታል፤ መኝታም አለው። መልሱን ዛሬ እስከ እኩለ ቀን ይፈልጉታል። ሄራን ለአማቷ አልነገረችም። ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ አውርዳ አቧራውን ጠረገችና፣ መልሳ ሰቀለችው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሳንግጉ ልብሶች እንደ ነበሩ ተንጠልጥለዋል። እነሱን ከሁለቱ ሴቶች አንዳቸውም አልነኩም።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ምድጃው ገና መሞቁ ነበር። ሃያ የማይሞላ ሰው እዚህም እዚያም ተቀምጧል፤ አብዛኛው አሮጊት ነው። ፓስተር ባንግ እንደ ልማዱ ስብከቱን አሳጠረና መብራቱን ቀነሰ። "ጌታ ሆይ" ብለው ሁሉም ሦስት ጊዜ ጮኹ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የየራሱን ጸሎት ባለ በሌለ ድምፁ ለቀቀው።

እንዲህ ሁሉም በአንድ ላይ ሲጮህ ሰው ከሰው ይሰወራል። ጎንህ ያለው የሚለውን አትሰማም፤ እሱም ያንተን አይሰማም። ዕዳውን፣ ቂሙን፣ የልጁን ፍቺ፣ የኪንታሮቱን ሕመም፣ ማንም ሳይታዘበው ያፈሰዋል። ፓስተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ደወል ሲመታ ደግሞ ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። እማማ ቡንሬ ደወሉን ስለማይሰሙ ሄራን ጉልበታቸውን መታ ታደርጋቸዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሠራችው ሥራ ይህ ብቻ ነው። አፏን ከፍታ አታውቅም።

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። ጎንበስ ብላ ካፖርቷን ጋርዳ አየችው። "የማዕድ ቤቱ ኃላፊ ሴትዮ እንደገና ጠየቀችኝ። እሺ ልበላት?" ይላል ዉጂን። ሄራን አውራ ጣቷን "እሺ" ለመጻፍ አነሳች፤ መልሳ አጠፈች፤ እንደገና አነሳች።

ደወሉ የተመታው በዚህ መሃል ነው።

ቤቱ ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"... እሱን ወስደኸዋል። በዚያ ጉዳይ ተከራክረን ጨርሰናል፤ አሁን አላነሳብህም። የሄራንን ነው የምልህ።"

ሄራን ጉልበታቸውን ልትነካ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ገና ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር ምን ትሠራለች? የሻንጣውን አቧራ ጠርጋለች፤ አይቻለሁ። አውርዳ መልሳ የሰቀለችው ስለ እኔ ነው። ክፉ ክፉውን ስናገራት ጠልታኝ ትሄድልኛለች ብዬ ነበር፤ አልሆነም፤ ቻይ ናት። ትናንት ሾርባው ጨው በዛበት አልኳት። አልበዛበትም፤ ጥሩ ሾርባ ነበር፤ ይቅር በለኝ። ብቻ አንተ ልቧን አደንድነውና ትሂድ። ለእኔም ስትሄድ በሩ ላይ እንዳላለቅስባት ጉልበቱን ስጠኝ። እስከ ዛሬ ጉልበት የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ?"

ፊት ለፊት የተቀመጠችው የመጋዘን ባልደረባቸው ማልሱን አንገቷን ቀስ አድርጋ አዞረች። የሌሎቹም አንገት ዞረ። ፓስተር ባንግ እጁን ደወሉ ላይ እንዳደረገ ሄራንን አያት። ዓይኑ "ንኪያቸው እንጂ" ይላል።

ሄራን ብትነካቸው የሚሆነውን አወቀችው። ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ የዞረውን ፊት ሁሉ ያያሉ፤ ብቻቸውን ሲናገሩ እንደነበር ይገባቸዋል። እኚህ ሴትዮ ልጃቸው ጉድጓድ ሲወርድ እንኳ ሰው ፊት ዕንባ ያልጣሉ ናቸው። ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት ድርሽ አይሉም። ከልጃቸው ሞት ወዲህ ቀጥ ብለው የቆሙት ደግሞ በዚህ ቤት ጸሎት ነው። ሄራን አንድ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጣ ይህን ያወቀችው አሁን ነው።

እጇን ሰበሰበች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ጌታ ሆይ" ብላ ጮኸች።

ድምፁ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ተንጫረረ። ከእሱ የሚከተል ቃል አልነበራትም። ዝም ካለች ግን የአማቷ ድምፅ እንደገና ብቻውን ሊቀር ነው። ስለዚህ አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ ለቀቀችው። "የመኪናው ማሞቂያ ተበላሽቷል፤ ታውቃለህ። ጓንቴ ቀዳዳ ነው፤ ውሃ ያስገባል። ጣሪያው በደቡብ በኩል ያፈሳል። ባለመጋዘኑ ስስታም ነው ..."

ከፊቷ ማልሱን "ጌታ ሆይ" አለች፤ የዚያች ሴት ድምፅ ደግሞ ጀልባ ያቆማል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም። ፓስተር ባንግ እጁን ከደወሉ ላይ አነሳ፤ ራሱን አቀርቅሮ እሱም ጮኸ። የእማማ ቡንሬ ድምፅ በሌሎቹ ድምፅ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

አሁን ሄራን ዝም ልትል ትችል ነበር። ሥራው አልቋል። እሷ ግን አላቆመችም። ከማሞቂያውና ከጣሪያው ቀጥሎ "ሳንግጉ" የሚል ስም ከአፏ ሲወጣ ሰማችው። ከቀብሩ ወዲህ ጠርታው አታውቅም።

"ለምን እንደ ወሰድከው አልገባኝም። አሁንም አልገባኝም። ግን ለእኚህ ሴትዮ ጉልበት የምትሰጠው አንተ ከሆንክ፣ ለእኔም ትንሽ ቆንጥረህ ስጠኝ።"

የአማቷ ትከሻ ከትከሻዋ ጋር ተነካክቶ፣ ሙቀቱ ካፖርቱን አልፎ ይሰማታል። ሁልጊዜም እዚያው ነበር።

ፓስተሩ ብዙ ቆይቶ ደወሉን ሲመታ፣ ሄራን ጉልበታቸውን መታ አደረገቻቸው። እማማ ቡንሬ ዓይናቸውን ገለጡ፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ዛሬ አረዘመው" አሉ።

መኪና ውስጥ ገብተው ሞተሩ እስኪሞቅ ሲጠብቁ አሮጊቷ አጮልቀው አዩዋት። "በጸሎቱ መሃል አንዴ ዓይኔን ስገልጥ አፍሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጌታን የዘጋሽው መስሎኝ ነበር። ምን ለመንሽው?"

"ማሞቂያ።"

"እ?"

ሄራን በፊታቸው በኩል ተዘርግታ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተጠጋች። "የመኪና ማሞቂያ።"

"እሱ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ጌታን ምን አድክመሽ" አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው መስታወቱን በእጅጌያቸው እየወለወሉ፣ "ግን ጠይቂው" ብለው ጨመሩ።

መጋዘኑ ውስጥ የኦይስተር ቁልል ከወገብ በላይ ደርሷል። ሴቶቹ በረዥሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ በርጩማ ላይ ተደርድረው፣ ቅርፊቱን በአጭር ቢላ እየፈለቀቁ ሥጋውን ሳፋቸው ውስጥ ይጥላሉ። ክፍያው በኪሎ ስለሆነ እጅ አያርፍም፤ አፍም እንደዚያው። ማልሱን ግን ዛሬ አፏን ዘግታለች። ከእማማ ቡንሬ በስተቀኝ ተቀምጣ፣ የሰማችው ነገር ጉንጮቿን ነፍቷቸው በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች።

"ይቺ ሴት ታማለች እንዴ?" አሉ እማማ ቡንሬ። "ከጠዋት ጀምሮ ሰው አላማችም።"

"ጥርሴን ነው" አለች ማልሱን።

"ጥርስሽ እንኳን ታመመ። ባልሽ ይረፍበት።"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ፤ ማልሱንም ራሷ ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

ለምሳ አምስት ደቂቃ ሲቀር ሄራን ጓንቷን አውልቃ ወደ ውጭ ወጣች። የቅርፊቱ ክምር አጠገብ ቆማ ወደ ዉጂን ደወለች።

"እሺ አልሽ?" አለ ወዲያው።

"ሌላ ሰው ይቅጠሩ።"

"ሄራን፣ ተይ እስቲ። ደሞዙን ነግሬሻለሁ፤ መኝታውም በነጻ ነው። እዚያ ቀርተሽ ምን ልትሆኚ ነው? አሮጊቷ ያዘችሽ አይደል? አላልኩሽም?"

"አልያዙኝም። እየሸኙኝ ነው።"

"እና ታዲያ? ፈቃድ ካገኘሽ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ሄራን ክምሩ ላይ የሰፈረ የባሕር ወፍ ቅርፊት ሲመነቅር አየች። መልሱ ለራሷም ያን ያህል ግልጽ አልነበረም።

"እሳቸውን ደጅ ላይ ብቻቸውን አቁሜ አልሄድም" አለች። "አንድ ቀን እሄድ ይሆናል። ስሄድ ግን ተነጋግረንበት ነው። እስከ ዛሬ ምንም ነገር ተነጋግረን አናውቅም።"

"እኔ አንቺ የምትይው አይገባኝም።"

"ይሁን። ሥራ አለብኝ። ለልጆቹ ኦይስተር እልክላቸዋለሁ።"

ስልኩን ኪሷ ከተተችና ተመለሰች። ቦታዋ ደርሳ አልተቀመጠችም። በርጩማውን በአንድ እጇ፣ ሳፋውን በሌላው ይዛ በአማቷ ጀርባ ዞረች፤ ማልሱን አጠገብ ቆመች።

"እትዬ ማልሱን፣ ትንሽ ይጠጉልኝ።"

ማልሱን አንዴ አየቻትና ዕቃዋን ሰብስባ፣ "እኔማ የበሩን ብርድ ፈልጌ ነበር" እያለች ቦታዋን ለቃላት ተነሳች። ሄራን በርጩማውን ከአማቷ በስተቀኝ አስቀመጠችና ጓንቷን አጠለቀች።

እማማ ቡንሬ በቢላቸው ወደ ግራ ጠቆሙ። "ቦታሽ እዚያ ነው።"

"እናቴ" አለች ሄራን ወደ ጆሯቸው ዝቅ ብላ። "ከሥራ ስንመለስ ያን ሻንጣ ላውርደው። የሳንግጉን ልብሶች አብረን እንክተትበት። ብል ሳይበላቸው።"

የአሮጊቷ ቢላ ቅርፊቱ ውስጥ እንደ ገባ ቆመ። ቢላው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ከጠረጴዛው ዙሪያ ማንም ቀና አላለም።

"ምን ያስጮኽሻል?" አሉ በመጨረሻ። "ደንቆሮ መሰልኩሽ?"

ከዚያ ከፊታቸው ካለው ቁልል ትልልቁን በክንዳቸው ጠርገው ወደ እሷ ገፉላትና ሥራቸውን ቀጠሉ።