የመጂዳ ጣሳ

ባየሽን ያንገበገባት የሞቱት አያቷ ሳይሆኑ በሕይወት ያለው ጓድ ዋሴ ነው። የቀበሌው ወጣት ማህበር ሊቀመንበር ነኝ ብሎ፣ አያቶቹ ጉሙዝ በባርነት የገዙ ሁሉ ቅዳሜ አዳራሽ ወጥቶ ግለ ሂስ ያድርግ አለ።

«እኔ ጨው እንኳ ገዝቼ አላውቅ፣ ሰው መቼ ገዛሁ?» ብላ እናቷ ላይ ጮኸች።

«ሰው ያለውን ብለሽ ቁጭ በይ! ተለይተሽ አታስበይን» አለች እናቷ መንበረ።

ከሁሉ የባሰባት የመጂዳ ነገር ነው። ጉሙዟ መጂዳ አንድ ዴስክ የምትጋራት ጓደኛዋ ናት፤ ግለ ሂሱ ከታወጀ ወዲህ ግን ዘግታታለች። ባየሽ የምትፈልገው ይቺ ልጅ እንድታናግራት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ የአዳራሹ ቆርቆሮ ሰው ይጠብሳል። መጂዳን ፊት ለፊት ብቻዋን ጎለቷት። አንዱ ይወጣና «አያቴ ጨቋኝ ነበር፤ አፍሬያለሁ» ይላል፣ ይጨበጨብለታል፣ እጇን ይጨብጣል፤ ሌላው ይተካል። ባየሽም ወጥታ ያንኑ ደገመች። መጂዳ እጇን ሰጠቻት፤ ፊቷን ግን ነፈገቻት።

ከዚያ ከጀሪካን እየተቀዳ ውሃ ዞረ። ለሌላው በብርጭቆ፤ ለመጂዳ ግን በሩ ላይ ከሚስማር በተንጠለጠለችው፣ ጉሙዝ ብቻ በሚጠጣባት የቲማቲም ጣሳ። ያ ሁሉ «አፍሬያለሁ» ባይ ዓይኑ እያየ ምንም አልመሰለው።

የባየሽ ደም ፈላ። ጣሳውን ከመጂዳ እጅ ነጥቃ ግጥም አደረገችው።

«ኧረ በሻንቅላ ጣሳ!» አለች አንዷ አፏን ይዛ።

ዋሴ ግን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ቆራጥነት ማለት ይሄ ነው!» አዳራሹም ተከተለው።

ባየሽ ደረቷን ነፍታ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ውሃዬን ጨረስሽው» አለች መጂዳ።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«የጠማኝ እኔ፣ የተጨበጨበልሽ አንቺ!»

ባየሽ ወደ ጀሪካኑ ሮጣ ገለበጠችው፤ ጠብ የሚል የለም። ውሃ የቀረው ዋሴ ፊት ባለው ብርጭቆ ብቻ ነው። አንስታ ለመጂዳ ሰጠቻት። ጭብጨባው ቀጥ አለ።

«እሱ… እሱ የኔ ነው!» አለ ዋሴ።

መጂዳ ሳትቸኩል ጠጥታ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችለት። ዋሴ በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ አደረገው።

መጂዳ ወጣች፤ ባየሽም ከኋላዋ።

«አሁን ታረቅን?»

«ዝም ብለሽ ነይ። ገና አልበረደልኝም።»

«እኔስ በርዶልኛል?» አለች ባየሽ፣ መንገዱ ላይ ያገኘችውን ጠጠር በእግሯ እየለጋች።