የእመት ይመኙሽ ማር

«አያ ቢያዝን፣ ምነው ከአግዳሚው ላይ? ሰሌኑ ሰፊ ነው፤ ይውረዱ እንጂ» አለች ጎረቤቷ አበቡ፣ ጎንበስ ብላ።

ቢያዝን በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ሰሌኑ የሥጋ ዘመድ ነው፤ አግዳሚው የለቅሶ ደራሽ። እሱ በሟቿ ግቢ የተከራየ ሰው እንጂ ሌላ አልነበረም። ከበሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚገባበት ጫፍ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ።

እመት ይመኙሽ ትናንት ቁስቋም ተቀብረዋል። ልጅ አልወለዱም። ሰሌኑ ላይ ፊት የተቀመጠው ፋንታሁን ነው፤ የወንድማቸው ልጅና ብቸኛ ወራሻቸው፣ እህል የሚያመላልስ ማኪና ያለው። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ያለቅሳል፤ ሲወጣ ዓይኑ በጓሮ ወዳለችው ክፍል ይሄዳል። ቢያዝን አይቶታል። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ የመንግሥት ግምጃ ቤት በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ሰው ዓይኑን የት እንደሚጥል ያውቃል።

«ክፍልዎን ለእህሉ መጋዘን ሊያደርጋት ነው» አለች አበቡ በሹክሹክታ። «ጡረታዎስ?»

«አልመጣም።»

«አሁንም?»

«ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው ይላሉ።»

ከኮሶዬ የመጣች አንዲት ዘመድ እንባዋን ጠርጋ፣ «ስድባቸው ናፈቀኝ እኮ» አለች። «ባለፈው ስመጣ፣ ‹አንቺ ቀንድ የሌለሽ በግ› ብለው ተቀበሉኝ።» ሰሌኑ ላይ ያሉት እያለቀሱ ሳቁ።

እውነት ነው፤ የእመት ይመኙሽ ምላስ እሬት ነበር። ሰክሮ የገባ ተከራይ በበትር ሲያባርሩ ሰፈሩ አይቷል። የቢያዝን ጡረታ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ሲቀር፣ እሱንም ዕቃውን ደጅ ያወጡበታል ብሎ ሁሉም ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ከጡረታ ጽሕፈት ቤቱ ባዶ እጁን በተመለሰ ቁጥር ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጮኹ ነበር፤ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ።

«ዛሬም አልሰጡህም?»

«አልሰጡኝም፣ እመት።»

«እንግዲህ እኔ ያከራየሁት ለመንግሥት ነው! የዘገየው እሱ ነው። መንግሥትን በምን አቅሜ ላስወጣው? ግባ፣ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ!»

ግቢው ይስቃል። ቢያዝን አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ያ ጩኸት እንደ ጋቢ ሸፍኖት እንደከረመ የገባው ዘግይቶ ነው።

አደይ ሳይረግፍ ፋንታሁን መጥቶ የጓሮዋን ክፍል በእርምጃ ለክቶ ሄደ። የዚያኑ ዕለት እመት ይመኙሽ ቢያዝንን ጠሩት። ፊታቸው ትንሽ ዋንጫ ማር ተቀምጧል።

«ና፣ ጥባ» አሉት።

«ምን?»

«የጡት ልጄ ላደርግህ ነው። ጣቴን ማር አስነክቼ እሰጥሃለሁ፤ አንተ ትጠባለህ፤ አበቡንና ንስሐ አባቴን ለምስክር አስጠራለሁ። ከሞትሁ በኋላ ተከራይ ነህ ብሎ የሚነካህ አይኖርም።»

«ሽበቴን ይዤ?»

«እኔስ ጥርስ የለኝ። ማን ይስቅብናል?»

«ሰው ሁሉ ነዋ! ጡረታዬ ይመጣል፣ እመት። በራሴ ገንዘብ እኖራለሁ።»

«መምጣቱንስ ይመጣል። እስኪመጣ የት ልትቆም ነው?»

ቢያዝን ወደ ዋንጫው አልቀረበም። እሳቸው ዋንጫውን በጨርቅ ሸፍነው መደርደሪያው ላይ አኖሩት። «ኩራትህ ሲርበው ንገረኝ» አሉት። በኅዳር ብርድ መታቸው፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆዩም።

ከቀትር በኋላ ለቅሶ ደራሹ ሳሳ። ፋንታሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ ቢያዝን፣ በለቅሶ ማንሳቱ ነውር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ያቺን ክፍል እፈልጋታለሁ። ኪራይዋም ቆሟል።»

«ያቆሙት አያ ቢያዝን ናቸው ወይ? መንግሥት ነው እንጂ!» አለች አበቡ።

«ጡረታ ሲዘገይ ተከራይ አይውጣ የሚል አዋጅ አለ? ካለ ንገሪኝ፤ እኔም አከብራለሁ።»

 አበቡ አንዴ ቢያዝንን፣ አንዴ መደርደሪያውን አየች።

«አዋጅ ባይኖር ልጅነት አለ! አያ ቢያዝን የእመት የጡት ልጅ ናቸው። ማር አስነክተው ሲያጠቧቸው እኔ ነበርሁ።»

 የሟቿ ንስሐ አባት ቄስ ወልደኢየሱስ መቋሚያቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ።

«እኔን የጠራኝ የለም» አሉ። «ግን ነገሩ ያለው አንተ ዘንድ ነው፣ ቢያዝን። ጠብተሃል?»

አዎ ቢል ክፍሏ የሱ ናት። ከእሷ ሌላ መግቢያ የለውም፤ ብርዱም ገና መጀመሩ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ዋንጫው ከነጨርቁ ይታየዋል። በሕይወታቸው ሳሉ ያፈረበትን እናትነት፣ ዛሬ ለጣሪያ ሲል ሊሸምተው ነው።

«አልጠባሁም» አለ። «ና ጥባ ብለውኝ ነበር። አፈርሁና እምቢ አልሁ።»

አበቡ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፋንታሁን ያሸነፈ ሰው አልመሰለም።

«እስከ አርባቸው ይቀመጡ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ወዲያ ይለቁልኛል።»

«እሺ።»

ቢያዝን ተነሣ። የሚወጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት። እሱ ግን ወደ መደርደሪያው ሄዶ ዋንጫውን አወረደና ተመልሶ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለ። አሁን ልጅ በመባሉ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ፋንታሁን አየው፤ ከዚያም ጋቢውን ሰብስቦ ጠጋ አለለት።

ማሩ በብርዱ ረግቶ ነበር። ቢያዝን በአውራ ጣቱ ቆፈረና አፉ ውስጥ ከተተው፤ ሰው ፊት፣ ሽበቱን ይዞ። ቶሎ አልሟሟም። እስኪሟሟ ጣቱን ሳያወጣ ቆየ።