የበኩሩ ቦታ

ታኦ ሃይፎንግ ወደብ አጠገብ፣ መንገድ ዳር የሚሠራ ጎሚስታ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አፉ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ግን ከስድስት አይበልጡም። ሄሮይን ከተወ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ዝናብም ይሁን በዓል፣ ቀኑ የሚጀምረው በከተማው ክሊኒክ መስኮት ላይ ነው፤ ሱሱን የሚያስታግስለትን ሜታዶን ነርሷ እያየችው ይጨልጣል። መድኃኒቱ ወደ ቤት አይወሰድም። ስለዚህ ታኦ ከከተማው ውጭ አድሮ አያውቅም።

እሑድ ጠዋት እንደ ልማዱ ጠጥቶ ጎማ ሲያወልቅ ታናሽ ወንድሙ ሉክ ደወለ።

«እማማ አረፈች» አለው።

መንደራቸው በሞተር ብስክሌት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ታኦ በረረ። በዚያ በክፉ ዘመኑ የእናቱን ጎሽ ከበረት አስወጥቶ ሸጦባታል። ያም ሆኖ ከዘመዶቹ ሁሉ ስልኩን የምታነሳለት እሷ ብቻ ነበረች።

ሰኞ ገና ሲነጋ ሉክን ከቤቱ ጀርባ፣ ከዳክዬዎቹ ኩሬ አጠገብ ጠራው።

«አሁን ብነሳ እስከ አራት ሰዓት እመለሳለሁ። መድኃኒቴን ልጠጣና ልምጣ።»

«አገር ምድሩ ሊያለቅስ ሲመጣ ሬሳው አጠገብ ቆሞ እጅ የሚነሳው ማን ነው? የበኩር ልጅ እኔ ነኝ እንዴ?»

«ካልጠጣሁ ነገ መቆም ያቅተኛል፣ ሉክ።»

«ሜታዶን በለው ሄሮይን፣ ለእኔ ያው ነው። ለእማማ ሁለት ቀን መታገሥ ያቅትሃል?» ድሮ «ጋሼ» ይለው የነበረ ወንድሙ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ታኦ ቀረ። ነጭ የሐዘን ልብሱን ለብሶ ቀኑን ሙሉ ለቀስተኛ ሲቀበል ዋለ። ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ስለቀረበት ማዛጋት ጀመረው፤ ዓይኑም አፍንጫውም ይፈስ ጀመር። «ወይ የእናት ነገር!» አሉ ሴቶቹ። አመሻሹ ላይ አጥንቱን ይቆረጥመው ጀመር።

የአጎቱ ልጅ ቢን ሁኔታው ገባው። እሱ ሄሮይን እስካሁን አልተወም። ታኦን ጓሮ ወስዶ ትንሽ የወረቀት ጥቅል እጁ ውስጥ ወሸቀለት።

«ትንሽዬ ናት። ነገን ቀጥ ብለህ እንድትውልበት ነው። እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው።»

ቢን ክፉ አላሰበም። ታኦ ጥቅሉን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ ኩሬው ወረወረው።

«አብደሃል!» አለ ቢን። «እሺ ጀግናው፣ ነገ እናይሃለን!»

ታኦ ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የሚያለቅሰው ለወረወረው ጥቅል እንጂ ለእናቱ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ይሄ ደግሞ አሳፈረው።

በአገሩ ልማድ አባት ሲሞት ልጅ ከኋላ ሆኖ ይሸኛል፤ እናት ስትሞት ግን የበኩር ልጅ ከፊት ሆኖ ይቀበላታል። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ታኦ ፊቱን ወደ ሬሳ ሣጥኑ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ የሐዘን በትሩን እየተመረኮዘ የኋሊት መራመድ ጀመረ። የሩዝ ማሳው መሐል ያለው መንገድ ያዳልጣል። ላቡ ጀርባውን አጥቦታል። መንገዱን እንዳጋመሱ ነጩ ልብሱ ላይ አስመለሰ። ጭቃው ላይ ወደቀ። ተሸካሚዎቹ ቆሙ፤ የቀብሩ ከበሮ ብቻ አላቋረጠም።

ሉክ መጥቶ በትሩን ከእጁ ነጠቀው።

«በእማማ ቀን እንኳ? ዛሬም ወስደህ መጣህ?»

«አልወሰድኩም! ስላልወሰድኩ ነው!»

ከበሮው ድምፁን ዋጠው። ቢን ከሕዝቡ መሐል አቀርቅሮ ቆሞ ነበር። ሉክ የበኩሩን ቦታ ይዞ የኋሊት ሄደ። ታኦን ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው ጎትተው ከማሳው ጠርዝ አስቀመጡት። እንደምንም ተነሥቶ መቃብሩ ጋ ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ አልቋል። አንድ እፍኝ ጨመረበት።

ወደ ከተማ ሲመለስ ሦስት ጊዜ ከሞተሩ ወርዶ አስመለሰ። ክሊኒኩ የደረሰው ሊዘጋ ሲል ነው።

«ጋሽ ታኦ፣ የት ጠፍተው ነው?» አለች ነርሷ ንጋ። ሐዘኑን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። «ነፍስ ይማር። ግን ሥርዓት ነውና መጀመሪያ ሽንት ይስጡኝ።»

ምርመራው ከሄሮይን ንጹሕ መሆኑን አሳየ።

«የውጤት ወረቀቷን ፎቶ ላንሳት? ወንድሜ እንዲያያት ነው።»

«ይቆዩ፣ ማኅተም ላድርግባት» አለችው።

መድኃኒቱን ጠጥቶ፣ መንቀጥቀጡ እስኪተወው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፎቶውን ላከ። ከሥሩም «የታመምኩት መድኃኒቴን አጥቼ ነው» ብሎ ጻፈ።

የሉክ መልስ የመጣው የአንድ ደንበኛ ጎማ ሲነፋ ነው። «እንዲህ ያለ ወረቀት ስንት ይሸጣል? ለአርባ ዘጠነኛው ቀን መታሰቢያዋ ባትመጣ ይሻላል። እኔ እበቃለሁ።»

ደንበኛው «አልደረሰም እንዴ?» አለው። «ደረሰ» አለ ታኦ፣ ጎማውን እየገጠመ።

በአርባ ዘጠነኛው ቀን አልሄደም። በማግሥቱ ጠዋት መድኃኒቱን ጠጥቶ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ምሳ በገባበት ሰዓት፣ የመቃብሩን አረም በእጁ ነቀለ። የሉክ ሚስት ከሩቅ አየችው። ግቢ ሲጫወቱ የነበሩትን ልጆቿን ጠርታ ወደ ቤት አስገባች።