የተደፈነው መስኮት በውስጥ በኩል

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ሰው ከፍጡራን ሁሉ የሚከብረው በመናገሩ ነው ቢሉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን መናገርስ በቀቀንም ትናገራለች። የሰው ልዩ ክብሩና ማዕረጉ የተናገረውን መልሶ መመርመሩ፥ ከአንደበቱ የወጣውን ቃል በኅሊናው ሚዛን ማኖሩ ነው። ይህን ክብር ግን አብዛኞቻችን እንደ ክት ልብስ አጥፈን በሣጥን እናስቀምጠዋለን፤ የሰሙትን እንደሰሙት ማቀበል ይቀላልና፥ ደግሞስ ከሰው ማን ይጣላል።

በደብረ ጽሞና ከተማ ዳርቻ፥ ዘመን ያጎሳቆለው ነገር ግን ያልጣለው አንድ ጥንታዊ ግንብ ቆሟል። በምሥራቅ ወገኑ ወለል ያለ መስኮት፥ በምዕራብ ወገኑ ደግሞ በጥርብ ድንጋይ የተደፈነ መስኮት ይታያል፤ ስለ ተደፈነውም የከተማይቱ አስጎብኚዎች ሁሉ በአንድ ቃል የሚተርኩት ነገር አለ። የግንቡ እመቤት ወይዘሮ አመተ ልዑል፥ ባሏ በዚያ በኩል ዘምቶ በቀረ ጊዜ፥ «የሄደበትን መንገድ ዳግመኛ አልይ» ብላ መስኮቱን አስደፈነችው ይላሉ። ይህን ትረካ ከአባታቸው ሰምተው ለሁሉ ያስተማሩት አንጋፋው አስጎብኚ አቶ ወንድይራድ ነበሩ፤ እሳቸው በሚቆሙበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ፥ እሳቸው በሚተክዙበት ቃል ላይ ተክዞ የማይተርክ ሁሉ እንደ ባለጌ ይቆጠር ነበር። ወደ ግንቡ ውስጥ የሚገባ ግን አልነበረም፤ በሩ ዝቅ ያለ፥ ውስጡም የሌሊት ወፍ መናኸሪያ ነውና፥ ማን ልብሱን ያቆሽሻል።

በከተማይቱ የቱሪዝም ማሠልጠኛ የምትማር ጸዳለ የምትባል ወጣት ነበረች፤ የመሪጌታ ልጅ ናትና፥ አንድ ጊዜ የሰማችውን ቃል ሳያዛንፍ የሚይዝ ብሩህ አእምሮ ከአባቷ ወርሳለች። ከሕፃንነቷ ጀምራ ያን የተደፈነ መስኮት ሽቅብ እያየች፥ ከበስተጀርባው ምን ይኖር ይሆን ስትል ያደገች ናትና፥ ከአስጎብኚነት በቀር ሌላ ሥራ አልተመኘችም። የመጨረሻውን የተግባር ፈተና ወድቃ ፈቃዱን ካጣች ግን ደሴ ከአክስቷ ሱቅ ገብታ እንድትሠራ ተቆርጧል። አክስቷን ትወዳታለች፤ ሱቁን ግን አትወደውም።

በዚያ ማሠልጠኛ ሒሳዊ አስተሳሰብንና ተግባቦትን የሚያስተምሩት መምህር አስረስ፥ ተማሪ ትረካውን እንደ ውኃ ሲያወርደው ከመካከል የማቋረጥ ክፉ አመል ነበረባቸው፤ እኔስ መልካም አመል እለዋለሁ። «ማን አየ? በምን ታወቀ? ሌላስ ምክንያት ሊኖረው አይችልም?» ይሏታል። ጸዳለም ክሩ እንደተበጠሰ መቁጠሪያ ቃሏ ሁሉ ይበተንባትና፥ «እንኳን ወደ ጥንታዊቷ ደብረ ጽሞና በደኅና መጣችሁ» ስትል ከአናቱ ትጀምራለች፤ ቃል የሳተ ተማሪ ከመነሻው እንዲጀምር አባቷ አስለምደዋታልና። ጓደኞቿ ይስቃሉ፥ እሷ በኀፍረት ትቀላለች። አንድ ቀን መምህሩ ለብቻዋ ጠርተው፥ «ልጄ፥ እንግዳው የሚመጣው ሊያነጋግርሽ ነው፤ ቃልሽ መጉደል አለመጉደሉን ሊቆጣጠር አይደለም። ሊቃውንቱ መጽሐፍ ሲተረጉሙ ‹አንድም› እያሉ ከአንዱ ፍቺ ወደ ሌላው ይሻገሩ የለምን? ያንኑ ለድንጋዩም አድርጊለት። ያላወቅሽውን ደግሞ አላውቅም በዪ» አሏት። የፊተኛው ምክር ደስ አሰኛት፤ የኋለኛው ግን አስፈራት፥ በአስጎብኚ ዘንድ አላውቅም ማለት በአደባባይ ራቁትን እንደ መቆም ነበርና።

የፈተናው ዕለት ከጅማ የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ፈታኙም ራሳቸው አቶ ወንድይራድ ሆነው፥ ጥቁር ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ከጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ ቆሙ። ጸዳለ ትረካዋን በተዋበ አንደበት፥ በተመጠነ ድምፅ አወረደችው፤ የአመተ ልዑልን ኀዘን በተናገረች ጊዜ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁላት። ልትጨርስ ስትቃረብ ግን ወይዘሮ ዘምዘም የሚባሉ፥ ዓይናቸው ከመስኮቱ ያልተነቀለ እንግዳ፥ «ልጄ፥ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከውስጥ ስታዪውስ ምን ይመስላል?» አሉ።

አንደበቷ እንደ ልማዱ ወደ «እንኳን ወደ ጥንታዊቷ» ሊሮጥ ከከንፈሯ ደረሰ፤ ነከሰችውና መለሰችው። ሽማግሌውን አየቻቸው፤ ፊታቸው ተኮሳትሯል። የአክስቷ ሱቅ በዓይኗ መጣባት። ነገር ግን ጥያቄው የሴትዮዋ ብቻ አልነበረም፤ እሷ ራሷ በልጅነቷ ጠይቃው ማንም ያልመለሰላት ነበር። «እናቴ፥ አላውቅም፤ ገብቼ አይቼው አላውቅም። ፈቃድዎ ከሆነ አብረን እንየው» አለችና ወደ በሩ መራቻቸው። ሁሉም አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ በዝቅተኛው በር ገቡ፤ አቶ ወንድይራድም ጥቂት አመንትተው፥ ጃንጥላቸውን አጥፈው ተከተሉ።

የሌሊት ወፎቹ ተንጫጩ፥ ከምሥራቁ መስኮት የሚገባው ብርሃን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አረፈ። ጸዳለ መስኮቱ ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ በዓይኗ ፈለገች፥ በእጇም ዳሰሰች፤ መስኮት ግን የለም። ድንጋዩ በድንጋዩ ላይ ተነባብሮ፥ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆኖ ተሠርቷል፤ በዚያ ስፍራ ከጥንትም የተከፈተ ነገር አልነበረም። ደስታና ፍርሃት በአንድነት ያዟት፤ ደስታው ስላየችው፥ ፍርሃቱም ያየችውን መናገር ፈቃዷን ሊያሳጣት ስለሚችል ነው። ቢሆንም ፊቷን ወደ እንግዶቹ መልሳ፥ «በውጭ መስኮት የሚመስለን በግድግዳው ላይ የተቀረጸ ጌጥ ኖሯል» አለች። «ግንበኛው ለምሥራቁ መስኮት አቻ ሊያበጅለት ብሎ ይሆናል፤ አንድም፥ ሊከፍተው አስቦ ሳይከፍተው ቀርቶ ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የወይዘሮ አመተ ልዑልን ኀዘን ከአባቶቻችን ሰምተነዋል፥ ለእንግዳ ስንነግረውም ደስ ይለናል። ይህ ግድግዳ ግን አይመሰክርለትም።»

አቶ ወንድይራድ ወደ ግድግዳው ቀርበው፥ መዳፋቸውን በድንጋዩ ላይ ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። «እኔ ስንት ዘመን ከውጭ ቆሜ አዘንኩላት» አሉ በመጨረሻ፥ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ከዚያም ወደ ልጅቷ ዘወር ብለው፥ «ታዲያ ግንበኛው ይህን ወገን ለምን ሳይከፍተው ቀረ ትያለሽ?» ሲሉ ጠየቋት። እኒህ ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ ከተማሪ የጠየቁት ሁሉ መልሱን አስቀድመው የያዙትን ነበር፤ ይህን ግን አልያዙትም። «አላውቅም፥ ጋሼ» አለች ጸዳለ። «እኔም አላውቅም» አሉ ሽማግሌው፤ ከወጡም በኋላ ፈተናውን ላለፈ አስጎብኚ የሚሰጠውን ባጅ ከኪሳቸው አውጥተው በእጇ አኖሩላት። አላውቅም ማለት የዕውቀት ዝቅተኛ በሯ ነውና፥ በእርሱ ጎንበስ ብሎ መግባትን የናቀ ሰው፥ ያላየውን ቤት ከውጭ ቆሞ ሲተርክ ዕድሜው ያልቃል።