የሰው ያለህ

ልብስ ሰፊዋን ያሳደገቻት አክስቷ የጩኸትን ወግ የምታውቅ ሴት ነበረች። «ኡኡታ ለሌባ፣ እሪታ ለእሳት ነው። ‹የሰው ያለህ› ግን ለነፍስ ነው፤ እሱን ሰምቶ ያልወጣ ሰው አይደለም» ትላት ነበር። የሰፊዋ ባል በዚህ ሲስቅባት ኖሯል፤ ስልክ እያለ ማን ይጮኻል እያለ።

እሱ ደረቱን ይዞ የወደቀ ዕለት ብትደውል ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ። በመስኮት ብቅ ብላ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ «የሰው ያለህ!» አለች። ግቢው ውስጥ መኪና ያለው ከሥሯ ምድር ቤት የሚሠራው ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው። የዳቦ ቤቱ መስኮት ሲዘጋ አየች፤ የዘጋውን እጅ ግን አላየችም። ሌላ መኪና እስኪገኝ ባሏ አለፈ።

ለቅሶው ላይ ቀድሞ የደረሰው ዳቦ ጋጋሪው ነበር። «አልሰማሁም እኮ እህቴ፤ ብሰማ ኖሮ» እያለ ተንሰቀሰቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ በወሩ ረስቶ ትኩስ ዳቦ ይልክላት ጀመር፤ እሷም ትበላለች፣ ቂም ሆድ አይሞላም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰምቶ እንደሆነ ማወቅ። በእውነት ካልሰማ ይቅር ልትለው ቆርጣለች።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ግቢው ጭር ባለበት፣ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት ማከማቻው ውስጥ እንዳለ የብረቱ በር በነፋስ ተወርውሮ ተዘጋ። ሠራተኞቹ እንዳይሰርቁት ብሎ ራሱ በውጭ ያስገጠመው መቀርቀሪያ ወደቀበት። ስልኩ ባንኮኒው ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ ሠራተኞቹን ሰደበ፣ ቀጥሎ በሩን ደበደበ፣ በመጨረሻ በሰለለ ድምፅ «የሰው ያለህ!» አለ።

ሰፊዋ ፎቅ ላይ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ቃሉንማ እሱም ያውቀዋል። ወርዳ በሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ተመስገን! ክፈችልኝ እህቴ፣ ብናኙ ሊገድለኝ ነው።»

«እከፍታለሁ። ያን ዕለት ሰምተውኝ ነበር?»

ሳለ። ማለ። ተገዘተ። እሷ ከሣጥኑ ላይ አልተነሳችም።

«ሰምቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «የሠርግ ዳቦ ጭኜ ነበር፤ ሌላ ሰው ይወጣል ብዬ ነው። እውነቱን ነገርኩሽ፣ በእናትሽ ክፈችልኝ።»

ተነስታ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ነበር። የሠርግ ዳቦ። እጇን አነሳችና ደረጃውን ወጣች። ከኋላዋ ደጋግሞ ሲጣራ መስኮቷን ዘግታ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጠች።

ሠራተኞቹ አመሻሽ ላይ መጥተው ከፈቱለት። ፀጉሩ በዱቄት ነጥቶ፣ ድምፁ ተዘግቶ መስኮቷ ሥር ቆመና እንዴት እንዲህ ትጨክኛለሽ አላት። ብቅ አለች።

«አልሰማሁም እኮ ወንድሜ» አለችው። «ብሰማ ኖሮ።»