ቀኜ ጣራህ ላይ ነው

ግንቦት ተጋምሶ የእስቴ ገበሬ ሁሉ በሬውን ጠምዶ ሲወጣ፣ ደምሌ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ክንዱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይሳደባል። መጀመሪያ ክንዱን፣ ቀጥሎ ወጌሻዋን፣ ማሳረጊያው ላይ ታናሽ ወንድሙን ታፈረን። ሚስቱ ሐረገ ወይን "ስድብ አጥንት ቢጠግን ያንተ ክንድ ድሮ በዳነ" ብትለው እሷም ድርሻዋን አገኘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት ታፈረ ቤት ሠርቶ ደቦ ጠራ። ደምሌ ታላቅ ነኝ ብሎ ሣሩን ሊከድን ከሁሉ ቀድሞ ጣራ ላይ ወጣ። ሲወርድ መሰላሉን የያዘለት ታፈረ ነበር። ታዲያ ጭቃ ሹሙ በበቅሎ ብቅ ሲሉ ሰውዬው መሰላሉን ለቆ እጅ ሊነሣ ሮጠ። ታላቁ መሬት ላይ ሲፈጠፈጥ ታናሹ ጎንበስ ብሎ እርካብ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለውን ወንድም እናት ለምን እንደምትወልድ እንጃ።

ከስማዳ በኩል የመጡት ወጌሻ እማሆይ አዛለች ክንዱን በቀርከሃ ስንጥር ጠፍረው "በአርባ ቀን እርፍ ትጨብጣለህ" አሉት። አርባው አለፈ፤ ስልሳውም አለፈ። ሲፈታ ክንዱ እንደ ማጭድ ጎብጧል።

"አጥንቱ ተዛንፎ ገጥሟል" አሉ እማሆይ። "እንደገና ካልተሰበረ አይቃናም። ከተሰበረ ደግሞ ዘንድሮ አታርስም።"

ገብስ የሚዘራበት ጊዜ እየደረሰ ነው፤ የደምሌ ማሳ ገና አንድ ጊዜ እንኳ አልታረሰም። ልጅ የለው፣ የሚያርስለት የለው። ይህን ጊዜ ታፈረ መጣ።

"ወንድም ዓለም፣ መሬቱ ጦሙን ከሚያድር ለእኩል ስጠኝ።"

የአባቱን መሬት ምርት እኩሌታ፣ ያውም ለጣለው ሰው። ደምሌ ደሙ ፈላ።

"በደቦህ ላይ የወደቅሁትስ?"

"ደቦ እኮ ብድር የለውም። ወንፈል ቢሆን ቀኑን በቀን እመልስልህ ነበር።"

ይህ እውነት ነው። ደቦ የወጣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፤ የሚመለስለት ነገር የለም። ደምሌንም ያንገበገበው እውነት መሆኑ ነው። "ውጣልኝ" አለው።

በግንቦት ተክለ ሃይማኖት ሁለቱ ወንድማማቾች ያሉበት የጽዋ ማኅበር የተጠጣው በታፈረ አዲስ ቤት ነበር። ጽዋውን ተቀብሎ በሚቀጥለው ወር የሚደግሰው ተረኛ ደምሌ ነው። መምሬ ቀለመወርቅ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ታፈረ ጽዋውን አንሥቶ ለወንድሙ ዘረጋ። ደምሌ አልተንቀሳቀሰም።

"ተቀበል እንጂ" አለ ታፈረ።

"ጽዋ በግራ አይያዝም።"

"በቀኝህ ነዋ።"

"ቀኜ ጣራህ ላይ ነው" አለና ደምሌ በአገጩ ወደ ላይ ጠቆመ። "መሰላሉን ስትለቅ እዚያው ቀርቷል። አውርደህ ስጠኝና እቀበልሃለሁ።"

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ደምሌ የከደነውን ሣር አየ።

"ታፈረ፣ መሰላሉን ይዘህ ነበር?" አሉ መምሬ።

"ጭቃ ሹሙ መጡና—"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

"ይዤ ነበር፣ አባቴ።"

መምሬ ጽዋውን ከእጁ ወስደው ሸፈኑት። "የደቦ ብድር የለም፤ የለቀቁት መሰላል ግን ብድር አለው። ይህ ጽዋ የደምሌ ማሳ ታርሶ፣ ተዘርቶ እስኪያልቅ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ እስከዚያ ድግሱ ያንተ ነው።"

በማግስቱ ታፈረ በሬዎቹን እየነዳ መጣ፤ ዘሩ አፈር እስኪገባ ድረስም ተመላለሰ። ደምሌ አላመሰገነም። ከማሳው ጫፍ ቆሞ "ጠለቅ አድርገህ እረስ፤ ለእኩል ቢሆን እንዲህ ትቧጭር ነበር?" ይለዋል። ማሳው ስለታረሰለት ቁጣው አልበረደም፤ እንዲያውም ወንድሙን በየቀኑ እያየ ባሰበት።

ገብሱ ከተዘራ በኋላ እማሆይ አዛለች ተመልሰው መጡ። አጥንቱን ሲሰብሩት ትከሻውን አፍኖ የሚይዝ ብርቱ ሰው ያስፈልጋል። ሐረገ ወይን ጎረቤት ልትጠራ ስትነሣ ደምሌ "ታፈረን ጥሪ" አላት።

ታፈረ መጥቶ ከኋላው ተቀመጠና ትከሻውን ያዘ። "ይቅር ብለኸኛል ማለት ነው?"

"አላልኩህም። ዝም ብለህ ያዝ።"

እማሆይ ክንዱን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሲያማትቡ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ጭቃ ሹሙ ናቸው። "ታፈረ! እዚህ ነህ አሉኝ፤ እስቲ ውጣ!"

ደምሌ የወንድሙ እጅ ትከሻው ላይ ድንግጥ ሲል ተሰማው። እንደ ልማዱ ሊነሣ ነው ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

"አልመጣም፣ ጌታዬ" አለ ታፈረ ከተቀመጠበት። "ወንድሜን ይዣለሁ።"

አጥንቱ ተሰበረ። ደምሌ ጮኸ፤ ለሦስት ወር ያጠራቀመውን ስድብ ሁሉ አንድም ሳያስቀር በታፈረ ላይ አወረደው። እማሆይ ቀርከሃውን አስረው እስኪጨርሱ ታፈረ እጁን አላነሣም።